በባለቤቴ ላይ የቀረች ቃል

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ ወደ ጭድ ተራ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት በረንዳ ተከራይተው የስፌት መኪናቸውን አቁመው ነበር። እኔ ከጎናቸው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ፤ የቁልፍ ቀዳዳ እሰፋለሁ፤ አንዱን ልጅ አዝዬ ሌላዋን በዓይኔ እጠብቃለሁ። ዘመኑ የጃንሆይ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጦማችንን አድረን አናውቅም።

ለኳስ ፍቅር አልነበረኝም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰው ቤቱ ያርፋል እንጂ አቧራ ሲቅም ይውላል ወይ እል ነበር። ባለቤቴም ወደ ኳስ የገቡት በጨርቅ በኩል ነው። የተራችን ጎረምሶች ቡድን ሲያቋቁሙ ማልያውን በነጻ ሰፉላቸው። እጅጌው ይያዛቸው አይያዛቸው እንደሆነ ለማየት አንድ እሑድ ሜዳ ወረዱ። ከዚያ ወዲያ እሑድን ቤት ውለው አያውቁም።

ዋናው አሰልጣኝ ከሠራዊቱ በጡረታ የወጡ፣ ሩጫና ሰዓት ማክበር ላይ የሚበረቱ ሰው ነበሩ። የማጥቃቱን ነገር ለባለቤቴ ተዉላቸው። ኳሱ በየት በኩል ይሂድ፣ ማን ለማን ያቀብል፣ የሚያዙት እሳቸው ሆኑ። ሰዉም «የአጥቂዎች አለቃ» አላቸው። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ ኋላ የምር ሆነ። ባለቤቴ ስሙን ወደዱት። እንደወደዱት አካሄዳቸው ያስታውቅ ነበር።

ከሜዳ ዳር ቆሞ ማዘዝ አንድ ችግር አለው። «በመሃል ሂዱ!» ተብሎ ሲጮህ ተጋጣሚውም ይሰማል። ባለቤቴ ለዚህ መላ አገኙ፤ ትእዛዙን ሁሉ የልብስ ሰፊ ቋንቋ አደረጉት። «ቅደዱ!» ሲሉ በመሃል ሰንጥቆ መሮጥ ነው። «ዘምዝሙ!» ሲሉ እንደ ቀሚስ ጠርዝ በዳር በዳር መዞር ነው። «ስፉ!» ሲሉ ደግሞ ተጠጋግቶ፣ አጭር አጭር እየተቀባበሉ መሄድ ነው፤ መርፌ ከጨርቁ እንደማይርቅ ከጓደኛ አለመራቅ። የተራው ልጆች በጨርቅ መሃል ያደጉ ስለሆኑ ቃላቱን ወዲያው ያዟቸው። ተጋጣሚው ግራ ገብቶት ሲደናበር ያዩትን ባለቤቴ ማታ እየሳቁ ይነግሩኛል፤ እኔም መርፌዬን ይዤ እስቃለሁ።

በዚያ ዓመት በጽጌ ጾም ከአገሬ ከመንዝ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ መጣች። ከእናቴ ቤት ጋር አጥር የምትጋራ ጎረቤት ነበረች። ልጁ ጎልማሳ ሊባል ትንሽ የቀረው፣ ሥራ ፈላጊ ነው። ራጉኤል ደጅ ላይ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ እጁን ይዛ በእጄ ላይ አስቀመጠችው።

«አደራሽን» አለች። «እዚህ ሌላ ዘመድ የለውም። በሰው መሃል አንገቱን ቀና አድርጎ ይሂድልኝ፤ ሌላ አልልሽም።»

ሌላም አላለች። በማግሥቱ አገሯ ገባች።

ልጁ ወፍጮ ቤት ሥራ አገኘ። ከጓሯችን ባለችው ክፍል ያድራል፤ ራቱን ከእኛ ጋር ይበላል። እኔን እትዬ፣ ባለቤቴን ጋሼ ይላል። አንድ ቀን ባለቤቴ ኬሻ ተሸክሞ ዳገቱን ሲሮጥ አዩትና «ይህን እግር ማን አመጣልኝ!» አሉ። የግራ ክንፉ ተጫዋች ቁርጭምጭሚቱ ወልቆ ተኝቶ ነበር። ማልያውን ለዚህ ልጅ ሰጡት። ከአማኑኤል ሰፈር ቡድን ጋር የዋንጫው ጨዋታ በዚያው ሳምንት እሑድ ነበር። ራት ላይ ቃላቱን ሲያስጠኑት ሽሮውን እያወጣሁ ሰምቻለሁ። «ዘምዝሙ ስል በዳር፤ ቅደዱ ስል በመሃል፤ ገባህ?» ይሉታል። «ገብቶኛል ጋሼ» ይላል።

ሲያሸንፉ ገና ከአማኑኤል በኩል ብቅ ሲሉ ጭፈራቸው ይሰማል። የዚያን እሑድ ምንም አልተሰማም። ባለቤቴ ገቡ፤ እጃቸውን ታጠቡ፤ ማዕዱን አዩና «ጠግቤያለሁ» አሉ። ልጁ በጓሮ በኩል ክፍሉ ገባ። የቆርቆሮ ቀጥቃጮች የሠሩት ያ ዋንጫ፣ ባለቤቴ ከመስቀሉ ሥዕል ዝቅ ብሎ ቦታ አዘጋጅተውለት የነበረው፣ አማኑኤል ሰፈር ቀረ።

ሰኞ ጠዋት በረንዳችን ጢም አለ። ሰው በጨርቅ እስር ላይ ተቀመጠ፤ የተረፈው ቆመ። ከሁሉ በላይ ድምፁ የሚሰማው አንድ ደላላ ነበር፤ ጨርቅ ያሻሽጣል፣ ቤት ያከራያል፣ ሰው ያጣላል፣ ያው ራሱ ያስታርቃል። ከጎናችን ጨርቅ የሚሸጡት የወሎ ሰው፣ ሐጂ የምንላቸው ሽማግሌ፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ከሱቃቸው ደፍ ሆነው ያዳምጣሉ።

«እኔ የምለው፣» አለ ደላላው፣ «መሃሉን ለማን ብለን ነው የተውነው? በሬ ከነቀንበሩ ያልፍበት ነበር እኮ!»

«አንተ ደግሞ የት አይተህ?» አሉ ሐጂ። «ከቆሎ ሻጯ ጋር ስትጨቃጨቅ አልነበር የዋልከው?»

«ሐጂ፣ እኔ በአንድ ዓይኔ ቆሎ፣ በአንድ ዓይኔ ኳስ አያለሁ።»

«ለዚህ ነዋ ሁለቱም ያመለጡህ።»

ተሳቀ። ሳቁ ግን አልቆየም።

«መቅደድ ነበር!» አለ አንዱ። «ባኮቻቸው ደክመው ምላሳቸውን አውጥተዋል። አንዴ ቢቀደዱ ያልቅላቸው ነበር።»

«የለም፣ ዘምዝሞ ከዳር ማሻገር ነበር።»

«በዳርማ ሄድን! በዳር ሄደን አይደል እንዴ ጉድ የሆንነው?»

«ቆይ፣ ቆይ፣ እኔ ልንገራችሁ።» ደላላው መሃል ገባና መሬቱ ላይ ቁልፎቼን ደረደረ፤ ሳያስፈቅደኝ ከሣህኔ አፍሶ። «እኩል ነን። ሊያልቅ ነው። ኳሱ እኛ ዘንድ ነው። የኛ ልጆች እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ ተጠጋግተዋል። ኳሱ ለግራው ክንፍ ተላከ። የት አለ? የለም! እዚያ ማዶ፣ ከመስመሩ ጥግ ቆሞ እጁን ያውለበልባል። ባዶ ሜዳ ላይ የወደቀውን ኳስ እነሱ አነሱት፤ ሄዱ፤ አገቡት። በሪጎሬ ምት ቢገባብን እንኳ አይቆጨኝም ነበር!»

ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረ። «አለቃ፣ አንተ ምን ብለህ ነው ያዘዝከው?»

ባለቤቴ አንገታቸውን ቀና አላደረጉም። «ያልኩትን ብያለሁ» አሉና የመኪናውን መርገጫ ረገጡ። መንኮራኩሩ ጮኸ። እኔ ግን ከጎናቸው ነኝ፤ አየሁ። መርፌው ላይ ክር አልነበረም። በባዶ መርፌ ጨርቁን እየወጉ ነበር።

«እንግዲያው ልጁ ነው!» አለ ደላላው። «አለቃ በትክክል አዝዟል፤ ሌሎቹ በትክክል ሄደዋል። ልጁ ግርግሩን ፈርቶ ወደ ዳር ሸሸ። ዳር ዳሩን! ዳር ዳሩን!» እያለ በጣቱ ጫፍ እንደሚሸሽ ሰው በቁልፎቹ ዙሪያ ተራመደ። በረንዳው በሳቅ ፈነዳ።

ባለቤቴን አየኋቸው። አሁን ይናገራሉ አልኩ። መንኮራኩሩ ይዞራል። ለምን እንደሆነ ገና አላወቅኩም፤ ግን አፈርኩ። ወንዶች በሚከራከሩበት ሴት ገብታ አትናገርም፤ ጎንበስ ብዬ ቁልፎቼን ለቀምኩ።

መርካቶ ውስጥ ቅጽል ስም ከክርስትና ስም ይበልጣል። አንድ ገመድ ሻጭ ነበሩ፤ ሲሞቱ መርዶው በክርስትና ስማቸው ቢነገር ለቀስተኛ ጠፋ፤ በቅጽሉ ሲነገር ግን መንገዱ ሞላ። አንዴ ከተለጠፈ የሚያነሳው የለም። ያ ልጅ «ዳር ዳሩ» ሆነ። ወዛደሮቹ ኬሻ ሲያሸክሙት «ዳር ዳሩ፣ በዳር በኩል እለፍ!» ይሉታል። ወፍጮ ቤት የሚመጡ ሴቶች ሳይቀሩ አወቁት። የቡድኑም ሰዎች ቅዳሜ በረንዳችን ላይ ተሰብስበው ማልያውን ሊቀበሉት ተስማሙ።

በዚያ ሳምንት ራጉኤል ልሳለም ስሄድ እናቱ እጁን የሰጠችኝ በር ላይ ስደርስ እግሬ እምቢ አለ። ዞሬ በሌላው በር ገባሁ። ታቦቱ በየት በኩል እንደገባሁ የማያይ ይመስል።

ሐሙስ ማታ ልጁ ለራት መጣ። ቅንድቡ ላይ ዱቄት ነበረበት። ደጁን ሲከፍት ትልቋ ልጄ፣ ገና አፏን በደንብ ያልፈታች ሕፃን፣ እጇን እያጨበጨበች «ዳል ዳሉ መጣ!» አለች። በደስታ ነው ያለችው፤ ስሙ መስሏት ነው። ትወደው ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከሌላ ሰው አፍ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ከኔ ቤት፣ ከኔ ልጅ አፍ ወጣ። አደራ የበላ ቤት ማለት እንዲህ ነው አልኩ በሆዴ።

ልጁ አልተቆጣም። አቀፋትና ተቀመጠ። እንጀራውን ቆርሶ ሳይጎርስ ያዘው።

«እትዬ፣ አገሬ ልገባ ነው» አለ። «ማልያውን አጥቤዋለሁ። ቅዳሜ አስረክቤ እሑድ እነሣለሁ።»

«እናትህን ምን ትላታለህ?»

«እንጃ።» እንጀራውን መልሶ አስቀመጠው። «ፈሪ አይደለሁም እኮ እትዬ። ጋሼ ስፉ አሉ፤ ሰፋሁ። ምን አጠፋሁ?»

ይህን ሲል ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ እንደ ክንፍ፣ ግራና ቀኝ ከፈታቸው።

እጄ ላይ መርፌ ነበር። የባለቤቴን ሱሪ እጠግናለሁ። መርፌውን አየሁ፤ የተዘረጉትን እጆቹን አየሁ። ለእኛ ቤት ስፉ ማለት ይህ መርፌ ነው። በሜዳና በተራራ ላደገ ልጅ ግን ስፉ ማለት ተዘርጉ፣ ተራራቁ፣ ሰፊ ሁኑ ነው። ሜዳ ላይ ሆኖ «ስፉ» የተባለ ሰው ሌላ ምን ያስብ? ጨርቅ የት አለና ነው የሚሰፋው?

«ጋሼህ ስፉ ምን ማለት እንደሆነ አልነገሩህም?» አልኩት።

«እሱን ምን ይነግሩኛል እትዬ? አማርኛ እኮ ነው።»

ልጁ በልቶ ሲወጣ ባለቤቴ ከበረንዳው ገቡ። ውሃ አፈሰስኩላቸው። እጃቸውን ሲታጠቡ ነገርኳቸው፤ ብዙ አላወራሁም፤ እጄን እንደ ልጁ ዘርግቼ አሳየኋቸው።

«አውቃለሁ» አሉ።

ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«ወደ ዳር መሮጥ ሲጀምር እዚያው ገባኝ» አሉ። «ሁለቱን አስጠንቼዋለሁ። ስፉን ማን ይስተዋል ብዬ ተውኩት።»

«ታዲያ ሰኞ ለምን ዝም አሉ?»

«ያ ቃል የኔ ነው። ልጁ ነገ ይረሳል፤ በኔ ግን ዕድሜ ልክ ይሳቅብኛል። እዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጬ እንጀራ የምበላ እኔ ነኝ።»

በባሌ ያፈርኩበት ቀን ያ ነው። ደግ ሰው ናቸው፤ ለእኔም ለልጆቻቸውም ክፉ አልነበሩም፤ ግን የገዛ ቃላቸውን በሰው ልጅ ላይ ጥለው ከሰኞ ጀምሮ በባዶ መርፌ ሲሰፉ ነበር። ልቆጣ አልኩ፤ ቁጣው አልመጣልኝም። እፍረቱ ብቻ መጣ።

«እናቱ አደራ ያለችው እኔን ብቻ አይደለም» አልኳቸው። «የሚበላው ከእርስዎ ማዕድ ነው።»

እጃቸውን አድርቀው ወደ ማዕዱ ቀረቡ። እኔም አልደገምኩም። ሥዕሉ ሥር ቆሜ ውዳሴ ማርያሜን ደገምኩና ተኛሁ።

ቅዳሜ ሰው ተሰበሰበ። ዋናው አሰልጣኝ ቆመዋል። ደላላው የጨርቅ እስሩ ላይ እንደ ዳኛ ተሰይሟል። ልጁ ማልያውን አጥቦ፣ በአራት አጥፎ፣ በሁለት እጁ ይዞ መጣ። ሰንበቴ ላይ ጠላ የሚያቀርብ ይመስል ነበር። አንገቱ ተደፍቷል። ያ እናቱ ቀና ይበልልኝ ያለችው አንገት።

«አምጣ» አለ ደላላው።

ባለቤቴ እግራቸውን ከመርገጫው አነሡ። መኪናው ሲቆም ሁሉም ዞሮ አያቸው። «እጅህ ላይ ይቆይ» አሉት ልጁን። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ስፉ ብዬ ያዘዝኩ እኔ ነኝ።»

«እሱንማ እናውቃለን» አለ ደላላው።

«አታውቅም። ስፉ ማለት ምን ማለት ነው?»

«መስፋት ነዋ!» ደላላው በአየር ላይ መርፌ ሳበ። «አለቃ፣ ታመሃል እንዴ?»

ባለቤቴ ልጁን አዩት። «አንተስ? ስፉ ስልህ ምን ሰማህ? አሳያቸው።»

ልጁ ማልያውን በብብቱ ያዘና እጆቹን ዘረጋ። ያው እንደዚያ ማታ፤ ግራና ቀኝ።

ቀድመው የሳቁት ሐጂ ናቸው።

«ሱብሐነላህ! ይሄ ልጅ እኮ የታዘዘውን ነው ያደረገው! ከሁላችሁም እሱ ብቻ ነው አማርኛ የሰማው።»

«እኔ ደግሞ ፈርቶ የሸሸ መስሎኝ...» አለ ደላላው፣ እሱም ሳቁ እየመጣበት፣ «አለቃ፣ ዋንጫችንን በመርፌ ቀዳዳ አሾለክኸው በለኛ!»

«ለልብስ ሰፊ ዓለም ሁሉ ጨርቅ ነው» አሉ ሐጂ። «እኔን ቢያየኝ በልቡ ስንት ክንድ ይወጣዋል ነው የሚል።»

ባለቤቴ ሳቁ እስኪበርድ ቆሙ። «ያን ቀን እዚያው ገብቶኛል» አሉ። «ዝም ያልኩት ይህን ሳቅ ፈርቼ ነው። ፈሪ የሚባል ካለ እኔ ነኝ። ዳር ላይ ቆሜ የነበርኩትም እኔ ነኝ።»

ከዚያ ደላላው፣ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው፣ «እንኳን ደህና መጣህ፣ አቶ ስፉ!» አለ። ሳቁ ከበፊቱ ይልቅ በረታ።

አንገቴን ደፋሁ። እውነቱን መጻፍ አለብኝ፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩ። ሰኞ ባለመናገራቸው ያፈርኩባቸው ሰው ቅዳሜ በመናገራቸው ሲሳቅባቸው እንደገና አፈርኩ። ምነው ባልተናገሩ የሚል ነገር በልቤ ውልብ አለ። ቀና ስል ልጁን አየሁት። ማልያውን ከብብቱ አውጥቶ ዘርግቶ ይዞታል፤ ምን እንደሚያደርገው አላወቀም። ዋናው አሰልጣኝ መጥተው በትከሻው ላይ ጣሉለት። «እሑድ በሰዓቱ» አሉት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። በዚያው የማጥቃቱን ነገር ከባለቤቴ ተቀብለው ለራሳቸው አደረጉት። ባለቤቴ ከዚያ ወዲያ ሜዳ ሲወርዱ እንደ መጀመሪያው የማልያ እጅጌ ለማየት ነው።

«ዳር ዳሩ» በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠፋ። አንድ ስም የሚጠፋው ሌላ የተሻለ ሲገኝ ነው፤ የተሻለው ተገኝቶ ነበር። ወዛደሩ «ስፉ፣ እንዴት አደርክ?» ይላል። ደንበኛ ሱሪ ይዞ መጥቶ «አቶ ስፉ፣ ይህን ያጥብቡልኝ ወይስ ያስፉልኝ?» ይላል። ልጄ እንኳ «የስፉ ልጅ» ተብላ ስትጠራ አቤት ትላለች። እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከኋላዬ «የስፉ ሚስት» ሲባል እሰማና ነጠላዬን ወደ ፊቴ እስባለሁ። ባለቤቴ ግን በክር ይሰፉ ነበር። ያንን አያለሁ። መርፌው ክር አለው፤ ፊታቸው ቀላ ይላል፤ ግን ይሰፋሉ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ከፋሲካ በኋላ የልጁ እናት መጣች። ቅቤ በቅል ይዛ፣ አቧራ ለብሳ፣ በረንዳችን ላይ ደረሰች። ሳምኳት፤ ሸክሟን ተቀበልኳት። ባለቤቴ የአንድ ሰው ኮት ዘርግተው ጎንበስ ብለው ነበር።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ቤታችሁ እንዴት ጠፋኝ መሰለሽ!» አለች። «የባልሽን ስም ጠርቼ ብጠይቅ ብጠይቅ የሚያውቅ የለም። ልጅሽ ኳስ የሚጫወተው ነው ወይ ብሎ አንዱ ጠየቀኝ። አዎ ብለው፣ ‹እንግዲያው የአቶ ስፉ ቤት ነው የሚፈልጉት› ብሎ እጄን ይዞ እዚህ አደረሰኝ። እኔ የማውቀው ስፉ የሚባል ሰው የለም። ማን ናቸው?»

የባለቤቴ መንኮራኩር ቆመ። ሐጂ ከሱቃቸው ደፍ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ባለቤቴ ናቸው» አልኳት። ነጠላዬን አልሳብኩም።